መብራት ሲመጣ ማን ይነሣል? የሁለት ፊልተሮች የሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት 3

ለአኳሪየሜ፣ ማለት ለዓሣ ገንዳዬ፣ ያስመጣኋቸው ሁለቱም የውሃ ማጣሪያዎች (ፊልተሮች) ደረሱ። ትልቁን ታናሽ ወንድሜ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ፣ እግሩ ሥር አድርጎ አመጣልኝ። ትንሹን ውጭ የምትኖር የአክስቴ ልጅ በሹራብ ጠቅልላ ሻንጣዋ ውስጥ ይዛው መጣች። ሁለቱም ያገለገሉ ናቸው። ካኒስተር ፊልተር የሚባለው ዓይነት ነው። ገንዳው ውስጥ አይገባም፤ ከገንዳው ሥር ወለል ላይ ይቀመጣል። ክዳኑ ግጥም ብሎ የሚዘጋ ባልዲ በሉት። ውሃው በአንድ ጎማ ይወርዳል፣ በስፖንጅና በሴራሚክ መሀል ያልፋል፣ ከዚያ ፓምፑ በሌላ ጎማ ወደ ገንዳው ይመልሰዋል።

የማን ምርት እንደሆኑ አልጽፍም። ያገለገለ ዕቃ ላይ የሚታይ ችግር ከፋብሪካው ይሁን ከቀድሞ ባለቤቱ መለየት ይከብዳል። ትልቁና ትንሹ ብዬ እጠራቸዋለሁ። ትልቁ ላይ «በሰዓት 1000 ሊትር፣ 18 ዋት» የሚል ተለጥፏል። ትንሹ ላይ «በሰዓት 440 ሊትር፣ 8 ዋት»።

እማዬ ሳሎን ገብታ ሁለቱን ጎን ለጎን አየቻቸው።

«ደግሞ ምን ልትጠምቅ ነው?»

ገንዳው ማራኪ ሰፈር፣ ሳሎናችን ጥግ ላይ ነው ያለው። ርዝመቱ 100፣ ወርዱ 40፣ ቁመቱ 45 ሴንቲ ሜትር። እስከ አፉ ቢሞላ 180 ሊትር ይይዛል። ጠጠሩና ከላይ የሚተወው ክፍተት ሲቀነስ 150 ገደማ ይሆናል። አራት ጎልድፊሽ አሉበት። የጎንደር ሌሊት ይቀዘቅዛል። ሞቃት ውሃ የሚሹ ዓሦች ማሞቂያ ያስፈልጋቸዋል፣ ማሞቂያ ደግሞ መብራት ይፈልጋል፣ መብራት ደግሞ እንደምታውቁት ነው። ጎልድፊሽ በ18ም በ20 ዲግሪም ተመችቶት ይኖራል። ክፋቱ ሆዳም ነው፤ የበላውን ያህል ደግሞ ያወጣል። እስካሁን የነበረችኝ ውስጥ የምትገባ ትንሽ የስፖንጅ ፊልተር በአራት ቀኗ ትደፈናለች። እሷን ማጠብ ሰልችቶኛል።

ሁለት ያስመጣሁት አንዱ ቢበላሽ ብዬ ነበር። አሁን ግን አብረው ሲመጡ ማወዳደር አማረኝ።

ጥቅምት 5

ፍተሻና እጥበት። መጀመሪያ የሚታየው ሮተሩ ነው። ከፓምፑ ክዳን ሥር አውራ ጣት የምታህል ማግኔት አለች፣ ጫፏ ላይ ትንንሽ ክንፎች አሏት። የምትሽከረከረው በቀጭን ዘንግ ላይ ነው። የትልቁ ዘንግ ዙሪያውን ቡናማ ቅርፊት ለብሷል። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈተግኩት። የተወሰነው ለቀቀ። የቀረውን «ይሁን» ብዬ መለስኩት። የትንሹ ንጹህ ነው።

የክዳኑ ጎሚኒ በሁለቱም ላይ ደረቅ ብሏል። ቫዝሊን ቀባኋቸው። ክዳኑ ሸርተት ብሎ ሲገባ ደስ አለኝ።

መቆሚያው ከቱቦላሬ የተበየደ ነው፤ ከሥሩ ሁለቱ ጎን ለጎን ይገባሉ። ውሃው ብቻ 150 ኪሎ ነው። ጠጠሩና መስታወቱ ሲጨመር በቀላል ጠረጴዛ የሚሞከር ነገር አይደለም።

ጥቅምት 8

ዛሬ የውስጡ ዕቃ። በሁለቱም ውሃው ከታች ገብቶ ወደ ላይ ይወጣል። ስለዚህ ከሥር ሻካራው ስፖንጅ፣ ከላዩ ሴራሚኩ ይሆናል። ትልቁ ሦስት ቅርጫት አለው። ሦስተኛው ላይ እንደ ጥጥ ያለ ነጭ ደቃቅ ማጣሪያ ደርቤበታለሁ። ትንሹ ቅርጫት የለውም። እንደ ድስት ሁሉንም አንድ ላይ ትከታላችሁ። ሴራሚኩን በእህቴ አሮጌ ስቶኪንግ ውስጥ ቋጠርኩት፤ በኋላ ለማጠብ ሲወጣ አይበተንም።

ሴራሚኩ ለሁለቱ አልበቃም። ለአበባ ማሰሮ ያስቀመጥኩት ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ቀይ ድንጋይ ነበረኝ። የዓሣውን ቆሻሻ የሚያጠራው ባክቴሪያ የሚፈልገው የሚጣበቅበት ሰፊ ገጽ ነው፤ ቀዳዳ ያለው ድንጋይ ለዚያ ይሆናል። ግን ድንጋዩ ኖራ ካለበት የውሃውን ጠባይ ይለውጣል። ፈተናው ቀላል ነው። ደረቁ ድንጋይ ላይ አቼቶ ጠብ ማድረግ። አረፋ ካወጣ ኖራ አለው። የእኔው ዝም አለ። ብዙ ጊዜ አጥቤ አቧራው ሲያልቅ ትልቁ ውስጥ ከተትኩት።

አሮጌዋን ፊልተር አላነሣኋትም። ሥራዋን ትቀጥላለች። ለምን እንደሆነ ታኅሣሥ ላይ እመለስበታለሁ።

ጥቅምት 9

የመጀመሪያው ቀን። እንዲህ ያለ ፓምፕ አየር መሳብ አይችልም። ማንኛውም ካኒስተር መጀመሪያ በውሃ መሞላት አለበት፤ ጎማውም ጭምር።

ትልቁ ክዳኑ ላይ መጫኛ አለው። ስድስት ሰባት ጊዜ ወደ ታች ስትጫኑት ውሃውን ራሱ ይስበዋል። ተጫንኩ፣ ውሃው ጎማው ውስጥ ሲወርድ ታየ፣ ባልዲው ሲሞላ አየሩ እየተንፈቀፈቀ ወጣ። ስፒናውን ሰካሁ። ሠራ።

ትንሹ መጫኛ የለውም። ሌላ መንገድ ሳላስብ የመመለሻውን ጎማ አፌ ውስጥ ከትቼ ሳብኩ። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። ሦስተኛው ላይ ጉንጬ ሙሉ የጎልድፊሽ ውሃ። ወንድሜ ሳቁን ሲጨርስ ስልኩን አውጥቶ ነበር፤ ግን ዘገየ።

ለሚቀጥለው ጊዜ ያገኘሁት ዘዴ ይኸው። የመውረጃውን ጎማ ከገንዳው አንሥቶ በማሰሮ ውሃ መሙላት። ጫፉን በአውራ ጣት መድፈን። ወደ ገንዳው ውሃ አስገብቶ ጣትን ማንሣት። በቃ፣ ይወርዳል። አፍ አያስፈልግም።

ጥቅምት 12

የመለኪያ ቀን። 10 ሊትር ባልዲ፣ የስልክ ሰዓት፣ የመመለሻው ጎማ ጫፍ በቦታው ከፍታ ላይ እንዳለ። እያንዳንዱን ሦስት ሦስት ጊዜ ለካሁ።

ትልቁ ቅርጫቶቹ ባዶ ሆነው 10 ሊትር በ44 ሰከንድ ሞላ። ይህ በሰዓት 818 ሊትር ነው። ቅርጫቶቹን ስሞላ 61 ሰከንድ ሆነ፤ 590 ሊትር። ትንሹ ሁሉ ነገር ገብቶበት 110 ሰከንድ፤ 327 ሊትር።

ካርቶን ላይ የሚጻፈው ቁጥር ብዙ ጊዜ ፓምፑ ምንም ሳያግደው የሚያወጣው ነው። ስለዚህ አልተከፋሁም። የገረመኝ ጎማው ነው። የትልቁ ጎማ ከሚገባው በላይ ረጅም ስለነበር ከመቆሚያው ጀርባ ጥቅልል ብሎ ነበር። ትርፉን ቆርጬ ቀጥ ባደርገው 61ዱ ሰከንድ 56 ሆነ። ወደ 640 ሊትር ማለት ነው። በሁለት ደቂቃ ሥራ 50 ሊትር አተረፍኩ።

ከሰዓት በኋላ ቧንቧ የሚሠሩልን ጎረቤታችን መጡ። አያ ነው የምንላቸው። ጎንበስ ብለው ትንሹን አዩ።

«ስንት ዋት አልከኝ?»

«ስምንት ነው አያ።»

«ስምንት ዋት ውሃ አንድ ሜትር ከፍ አድርጎ ያወጣል? ኧረ ተው!»

ልክ ናቸው፤ ክፍት ባልዲ ውስጥ ብንከተው ብዙ አያነሣም። ግን እዚህ ውሃው ዑደት ነው። በአንዱ ጎማ የሚወርደው ውሃ በሌላው የሚወጣውን ይገፋዋል። ሁለቱ እንደ ሚዛን ሰሃን እኩል ናቸው። ፓምፑ የሚታገለው ከስፖንጁና ከጎማው ሰበቃ ጋር ብቻ ነው። አያ ጥቂት ዝም ብለው አሰቡና «እንግዲያ አየር ከገባበት አለቀለት በላ» አሉ። ያን ጊዜ ጨዋታ መስሎኝ ነበር።

ጥቅምት 14

የአየር ድንጋይ ጨመርኩ። አረፋ የምታወጣ ትንሽ ድንጋይ ናት፤ ከአየር ፓምፕ ጋር በቀጭን ጎማ ትያያዛለች። ምክንያቴ ከፍታችን ነው። በባሕር ጠለል 20 ዲግሪ ያለው ውሃ በአንድ ሊትር 9 ሚሊ ግራም ገደማ ኦክስጅን ይይዛል። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ እዚህ ያው ውሃ የሚይዘው 7 ገደማ ነው። ሽሮው ባሕር ዳር ካለው ትንሽ ዘግይቶ የሚበስለው በዚሁ በአየሩ መሳሳት ነው፤ ውሃችን ከ100 በታች፣ 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ዓሣዎቹም የሚተነፍሱት ከዚሁ ከሳሳው ነው። የፊልተሩ መመለሻ የውሃውን ገጽ ማናወጥ አለበት የሚባለው ምክር እዚህ ሁለት እጥፍ ይሠራል።

ድንጋይዋን በግራ ጥግ አስቀመጥኳት። ዲቫይደሩ በዚያ በኩል ስለሆነ ገመዱ ደረሰ። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

የገመድ ነገር ከተነሣ፦ ሁሉንም የኤሌክትሪክ ገመዶች ወደ ሶኬቱ ከመግባታቸው በፊት ወደ ታች ጎበጥ አድርጌያቸዋለሁ። ውሃ በገመዱ ላይ ቢወርድ ከጉብጠቱ ሥር ወለል ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬት ውስጥ አይገባም። አኳሪየም ያላችሁ ሁሉ ዛሬውኑ ሂዱና ዕዩ።

ጥቅምት 20

ድምፅ። ትንሹ ሌሊት ጆሮዬን ካልደገንኩበት አይሰማም። ትልቁ ፍሪጅ ያህል ነው። ከሥሩ የአሮጌ ምንጣፍ ቁራጭ አደረግኩለትና ቀነሰ። መቆሚያው ብረት ስለሆነ ነበር የሚያስተጋባው።

ጥቅምት 27

ጠዋት ካልሲዬ ረጠበ። ከትልቁ ክዳን ሥር በቀጭኑ ይንጠባጠባል። መብራቱን አጥፍቼ፣ ጎማዎቹን ዘግቼ ከፈትኩት። ጎሚኒው አብጧል። ጉድጓዱ ውስጥ አልገባ ብሎ በአንድ በኩል ሞገድ ሠርቷል።

ጥፋተኛው የእኔ ቫዝሊን ነው። ቫዝሊን ከነዳጅ የሚወጣ ነገር ነው፤ አንዳንድ የጎማ ዓይነቶች ሲነካቸው ያብጣሉ፣ ይለሰልሳሉ። ለዚህ ሥራ የሚሆነው የሲሊከን ቅባት ነው። የትንሹ ጎሚኒ ደህና ነው፤ ከሌላ ዓይነት ጎማ የተሠራ መሆን አለበት። ቢሆንም ከሁለቱም ላይ በሳሙናና በለብ ያለ ውሃ አጠብኩት።

አያ ጋ ሄድኩ። ከአሮጌ የሻይ ቆርቆሮ ውስጥ ጎሚኒ እየለካኩ፣ አንዱን ትልቅ አንዱን ትንሽ እያሉ ግማሽ ሰዓት ቆየን። በመጨረሻ የሚገጥም አገኙ። ሲሊከን ቅባቱን ፒያሳ ካለ የመለዋወጫ ሱቅ ገዛሁ። አሁን ደረቅ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ከሥሩ ጋዜጣ አንጥፌ አደርኩ፤ ጋዜጣ አንዲት ጠብታ እንኳ ያሳብቃል።

ኅዳር 14

ለእነዚህ ሁለት ፊልተሮች ትክክለኛው ፈተና ዛሬ ነበር።

መብራት ጠዋት 2 ሰዓት ሄደ። ሥራ ላይ ነበርኩ። እማዬ አልደወለችም፤ ለምንስ ትደውላለች? ስመለስ 10 ሰዓት ተኩል ሆኗል። ዓሣዎቹ ከገጹ ሥር ተሰልፈው አፋቸውን ይከፍታሉ ይዘጋሉ። በጣሳ እየቀዳሁ ከፍ አድርጌ መልሼ አፈስስ ጀመር። ክንዴ ሲዝል ወንድሜ ተቀበለኝ።

11 ሰዓት ላይ መጣ። ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ጠፍቶ ነበር ማለት ነው። ትንሹ ያለ አንዳች ድምፅ ተነሣ። ከትልቁ ግን «ግርርር» የሚል ብቻ ነው የሚወጣው። ውሃ የለም።

ወዲያው ሁለቱንም ነቀልኩ። ምክንያቱም ካኒስተር ሲቆም የተዘጋ ጣሳ ነው። ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ኦክስጅን ይፈልጋሉ። ውሃ ሳይዘዋወር ሲቀር ያለውን በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይጨርሱታል። ከዚያ መሞት ይጀምራሉ፣ ኦክስጅን የማይፈልጉት ሌሎቹ ይረከባሉ። ያ ውሃ መብራት ሲመጣ በቀጥታ ገንዳው ውስጥ ይገባል። እኔ እስክነቅለው ድረስ ከትንሹ ጥቂት ገብቷል።

የትልቁን ክዳን ስከፍት የደረሰኝን ሽታ የጠላ አተላ ከሦስት ቀን በኋላ እንደሚሸተው አስቡት። የትንሹም ይሸታል፣ ግን ያንን አያህልም። የሁለቱንም ውሃ ደፋሁ። ስፖንጆቹን ከገንዳው በቀዳሁት ውሃ አለቀለቅኩ። በቧንቧ ውሃ አይደለም። የቧንቧው ውሃ ክሎሪን አለው፤ የተረፉትን ባክቴሪያዎች ይጨርሳል። የገንዳውንም ውሃ ሲሶ ያህል ለወጥኩ። ተራችን ሲደርስ ሮቶ ሞልተን፣ ክሎሪኑ እንዲተን ሁለት ቀን ያህል በክፍት በርሜል የማሳድረው ውሃ ስላለኝ ነው የተቻለኝ። ያ በርሜል ባይኖር ምን ልሆን ነበር?

ዓሣዎቹ አራቱም ተርፈዋል። ማታ 3 ሰዓት ላይ ትልቁ ጎልድፊሽ ምግብ ፈልጎ መስታወቱን ሲነካካ እፎይ አልኩ።

ከዛሬ ጀምሮ ሕጌ፦ መብራት ከሁለት ሰዓት በላይ ከጠፋ ሁለቱም ይነቀላሉ። ሲመጣ መጀመሪያ ውሃቸው ይደፋል፣ ከዚያ ይሰካሉ። ለእማዬም አሳየኋት። «ስፒናውን መንቀል ብቻ? እሱንማ እኔም እችላለሁ» አለች።

ኅዳር 15

ትልቁ ለምን አልተነሣም?

የመጀመሪያው ጥርጣሬዬ ሮተሩ ነው። እንዲህ ያሉ ትንንሽ ሞተሮች ሮተራቸው ማግኔት ነው። ከመብራቱ ምት ጋር፣ በሰከንድ 50 ጊዜ፣ እኩል መዝለል አለበት። ዘንጉ ላይ ቆሻሻ ካለ ወይም ቮልቴጁ ከወረደ ባለበት ይንቀጠቀጣል እንጂ አይዞርም። ትናንት መብራቱ ሲመጣ የፍሪጁ ስታቢላይዘር 170 ቮልት ብቻ ያሳይ ነበር። ሁለቱም ምክንያት አለ ማለት ነው። «ይሁን» ብዬ የተውኩትን ቅርፊት አቼቶ ውስጥ አሳድሬ አጸዳሁት። ዘንጉ አሁን ያበራል።

ሰካሁት። አሁንም ግርርር።

ያኔ የአያ ነገር ትዝ አለኝ። ባልዲውን በሁለት እጄ ይዤ ወደ ጎን ጋደል አደረግኩት። ቡልቅ። በመመለሻው ጎማ ትልቅ አረፋ ወጣ። ደግሜ ጋደል፣ ደግሞ ቡልቅ። ሦስተኛው ላይ ድምፁ ተለወጠ፣ ውሃው ዱብ ብሎ መጣ።

አየር ነበር። ክዳኑ ሥር፣ ሮተሩ ባለበት ከፍተኛ ቦታ ላይ ተጠራቅሟል። ሲዞር የነበረ ሮተር ትንሽ አየር ቢኖርበትም እየገፋ ይቀጥላል። አንዴ ከቆመ ግን በአየር ውስጥ ተነሥቶ ውሃ መግፋት አይችልም። ታዲያ አየሩ ከየት መጣ? ጎሚኒው አዲስ ነው፣ አይንጠባጠብም። ወለሉ ላይ ተቀምጬ የመውረጃውን ቱቦ አፍ አየሁት። ሩብ ሰዓት ያህል ዝም ብዬ አየሁት።

አረፋዎቹ! የአየር ድንጋይዋ ከመውረጃው አፍ አንድ ስንዝር አትርቅም። ከምታወጣቸው አረፋዎች ደቃቆቹ ወደ ላይ ከመሄድ ይልቅ በጅረቱ ተስበው ወደ ቱቦው ይገባሉ። አንድ በአንድ፣ ሰናፍጭ የሚያህሉ። በቀን ስንት ሺህ? ገመዱ የደረሰበት ጥግ ብዬ ያስቀመጥኳት ድንጋይ ለአንድ ወር ያህል ትልቁን አየር ስታጎርሰው ከርማለች። የትንሹ አፍ በቀኝ በኩል ነው። ለዚህ ነው እሱ የተነሣው።

ትናንት ማታ «ትንሹ ይሻላል» ብዬ ልጽፍ ምንም አልቀረኝም ነበር።

ድንጋይዋን ወደ መሀል፣ ከሁለቱም አፍ እኩል ወደሚርቅ ቦታ ወሰድኳት። ማስረዘሚያ ገመድ ገዛሁ።

ኅዳር 23

መብራት ለአንድ ሰዓት ተኩል ሄዶ መጣ። ከሁለት ሰዓት በታች ስለሆነ አልነቀልኩም። ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ ጠበቅኩ። ሁለቱም ተነሡ፤ ትንሹ ወዲያው፣ ትልቁ ሁለት ሦስት ጊዜ ካንገራገረ በኋላ።

ኅዳር 30

ሁለተኛው መለኪያ። ሳይታጠቡ፣ ልክ እንዳሉ።

ትልቁ 10 ሊትር በ88 ሰከንድ፤ በሰዓት 409 ሊትር። ከ640 ነው የወረደው። ትንሹ 124 ሰከንድ፤ 290 ሊትር። ከ327። ኅዳር 14 ስፖንጆቹን አለቅልቄያቸው ስለነበር ይህ የሁለት ሳምንት ቆሻሻ ነው።

ትልቁን ስከፍተው ነጩ ደቃቅ ማጣሪያ እንደ እርጥብ ብርድ ልብስ ሆኗል። እሱን ብቻ አውጥቼ፣ ሌላውን ሳልነካ ዘጋሁት። 66 ሰከንድ። ወደ 545 ሊትር ተመለሰ። እንግዲህ ያን ሁሉ ውሃ ያፈነው አንድ ጣት ውፍረት ያላት ጥጥ ናት። ደቃቅ ማጣሪያ ውሃውን ብርጭቆ ያስመስለዋል፣ እንግዳ ሲመጣ ደስ ይላል። ግን በየሳምንቱ መለወጥ አለበት፣ እኔ ደግሞ በየሳምንቱ ባልዲ መክፈት አልወድም። ከዛሬ ጀምሮ ያለሷ ይሠራል።

የማጠቡ ነገር፦ ትልቁ ቅርጫቶቹ አንድ በአንድ ይወጣሉ፣ በ15 ደቂቃ ያልቃል። ትንሹ ሁሉም ነገር ተጠቅጥቆ ስላለ መፈልፈል ነው። ስቶኪንጉ ባይኖር ሴራሚኩን ከሽንት ቤቱ ወለል ላይ ስለቅም ነበር። በዚህ ትልቁ ያሸንፋል፣ ክርክር የለውም።

በመብራት ቆጣሪ ስናስበው ትልቁ በወር 13 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይበላል፣ ትንሹ 6 አይሞላም።

ውሃውን ማን ይበልጥ አጠራው የሚል ጥያቄ ከወንድሜ መጣ። ሁለቱን አንድ ገንዳ ላይ አያይዤ እሱን መለየት አይቻልም፤ ውሃው አንድ ነው።

ታኅሣሥ 12

አሮጌዋን ፊልተር ዛሬ አወጣኋት። ከጥቅምት 9 ጀምሮ ሁለት ወር አብራ ቆየች። ነገሩ እንዲህ ነው። ዓሣ አሞኒያ ያወጣል፤ አሞኒያ ይገድለዋል። ናይትሮሶሞናስና መሰሎቹ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጣሉ። ናይትራይትም መርዝ ነው። ናይትሮስፓይራ የሚባሉት ደግሞ ያንን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል፤ ናይትሬት ብዙ ካልተጠራቀመ አይጎዳም። እነዚህ በአዲስ ስፖንጅ ላይ ተራብተው ሥራውን እስኪችሉ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። አሮጌዋን ጥቅምት ላይ አውጥቻት ቢሆን ዓሣዎቹ በራሳቸው ቆሻሻ ይመረዙ ነበር። ኅዳር 14 ደግሞ አዲሶቹን ስለጎዳቸው ተጨማሪ ጊዜ ሰጠኋቸው።

ስፖንጇን አልጣልኳትም። ጨምቄ ቡናማ ውሃዋን ትልቁ ውስጥ ደፋሁት፤ እርሾ መስጠት በሉት።

ታኅሣሥ 16

በመመርመሪያ ወረቀቱ ናይትራይት ዜሮ። ትናንትም ከትናንት ወዲያም ዜሮ ነበር።

ጥር 8

ከሥራ ስመለስ በፋሲል መዋኛ በኩል አለፍኩ። ውሃው ከቀሃ ወንዝ በቦይ እየገባ ነው፤ ለጥምቀት እየሞላ። ሰው ቆሞ ያያል። እኔ የማየው የመግቢያውን አፍ ነው። ያለ ፓምፕ፣ ከከፍታ ወደ ዝቅታ ብቻ። መብራት ቢጠፋ ግድ የለው።

ጥር 10

ከተራ። ታቦታቱን አጅቤ ፋሲል መዋኛ ደርሼ፣ ከበሮው ጆሮ አያሰማም፣ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነዘረ። እማዬ ናት። ግንቡን ተጠግቼ አንድ ጆሮዬን በጣቴ ደፈንኩ።

«ስማኝማ! መብራት ሄዶ መጣ።»

«ስንት ሰዓት ቆየ?»

«አንድ ሰዓትም አልሞላ። ትንሹ ተነሥቷል። ትልቁ ግን ያጉረመርማል።»

«ጋደል አድርጊው እማዬ። ወደ ግራ፣ ቀስ ብለሽ።»

ስልኩን አስቀመጠችው መሰለኝ፣ ድምፅ ጠፋ። ከዚያ የብረቱ መቆሚያ ሲንቀጫቀጭ ሰማሁ።

«ቡልቅ አለ!»

«ድገሚው።»

«ደገምኩት። አሁን ዝም ብሏል፣ ውሃውም ይወርዳል። እንግዲህ እኔ ድፎዬን ልይበት።»

ማታ 3 ሰዓት ቤት ገባሁ። ሳሎኑ ድፎ ድፎ ይሸታል። የአኳሪየሙ መስታወት ተወልውሎ ያበራል። ወንድሜ ለበዓል እንግዳ ይመጣል ብሎ ከውስጥም ከውጭም አጽድቶታል። የአየር ድንጋይዋን ለማጽዳት አንሥቷት፣ ሲመልሳት የድሮ ቦታዋ ላይ፣ ግራ ጥግ፣ የትልቁ አፍ ሥር አስቀምጧታል። አረፋዎቹ አንድ በአንድ ይገባሉ።

እጄን እስከ ክርኔ ነክሬ አወጣኋትና ወደ መሀል መለስኳት። ጎማዋን ከገንዳው ጠርዝ ጋር በሽቦ አሰርኩት። ሁለት ዙር።